ሪፖዚተሪ በፍላሽም ይሄዳል፦ «ሊኑክስ ለሰሜን ሸዋ አይሆንም» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

በዞናችን ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ያሉትን አሮጌ ኮምፒውተሮች ዊንዶውስን ወደሚተካው ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ወደ ሊኑክስ፣ እናዙር የሚለውን ሐሳብ የሚቃወም ጽሑፍ ሰሞኑን እየተቀባበልን አንብበናል። ጸሐፊው ሊኑክስን በጅምላ አልነቀፉም። የጠሉት ሶፍትዌር የሚጫንበትን መንገድ፣ ማለትም ፕሮግራም አምጥቶ የሚጭነውን ፓኬጅ ማኔጀሩንና ሪፖዚተሪ የሚባለውን የሶፍትዌር ማከማቻ ነው። ነጥቦቻቸውን ሳላዛባ ላሳጥራቸው። አንደኛ፣ ከማከማቻ መጫን ሌላ ሰው መርጦ ያስቀመጠልንን መቀበል ነው። ሁለተኛ፣ እዚያ ያለው ሶፍትዌር ያረጀ ነው። ሦስተኛ፣ ኢንተርኔት ከሌለ ፓኬጅ ማኔጀር ዋጋ የለውም፣ የዊንዶውስ መጫኛ ፋይል (ሴታፕ) በፍላሽ መቀባበል ይሻላል፤ በመንዝና በመርሐቤቴ ገጠር ደግሞ ኢንተርኔት አለ ብሎ መናገር ይከብዳል። አራተኛ፣ አንዱን ፕሮግራም ሲጠይቁት ሌላ ሃያ እየጎተተ የገዙትን ሜጋ ይጨርሳል። አምስተኛ፣ ማከማቻው አንድ ቀን ከተሰበረ ሁሉም አብሮ ስለሚመታ ከባለቤቱ ድረ ገጽ በቀጥታ ማውረድ ይሻላል። ስድስተኛ፣ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ ለመምህርና ለጽሕፈት ሠራተኛ ከባድ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ «ሊኑክስ የግድ ከሆነባችሁ» ብለው አንዳንድ የአሠራር ምክሮች ሰጥተዋል። እውነት ለመናገር ብዕር ያስነሡኝ ነጥቦቹ ሳይሆኑ ምክሮቹ ናቸው፤ በመጨረሻ እመጣባቸዋለሁ።

እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ኮምፒውተር እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ዊንዶውስ የፈለገ ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ የፈለገ ሊኑክስ እጭናለሁ። ስለዚህ የምከራከረው ለሊኑክስ ማኅበር አባልነት አይደለም። የምለው ይህ ነው፦ የፓኬጅ ማኔጀር ትልቁ ጥቅም ምቾቱ አይደለም፤ ሶፍትዌሩ በማንም እጅ፣ በየትኛውም መንገድ ቢመጣ፣ ከማን እንደተነሣና መንገድ ላይ እንዳልተነካ ማሽኑ ራሱ ማረጋገጥ መቻሉ ነው። ይህ ደግሞ መስመር በሌለበት አገር ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም።

ስለዚህ የነጥቦቹን ተራ ትቼ ከሦስተኛው እጀምራለሁ፤ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነው።

ጸሐፊው የጠቀሱት ችግር እውነት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በአብዛኛው ቦታ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አልረሳውም። ሰላም በሆነበት ጊዜም መብራት ሲሄድ ኔትወርኩ አብሮ ይሄዳል። ስሕተቱ ያለው ከዚህ እውነት የወሰዱት መደምደሚያ ላይ ነው። ፓኬጅ ማኔጀር የሚፈልገው ማከማቻ ነው፤ ማከማቻው የግድ በኢንተርኔት መድረስ የለበትም።

ማከማቻ ስንል ምን እንደሆነ ትንሽ ልዘርዝር፤ ጽሑፉ ይህን ስለዘለለ ነው ክርክሩ የተጣመመው። ደቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነትና በእሱ ላይ በተሠሩት በኡቡንቱና በሊኑክስ ሚንት ማከማቻ ማለት ዴብ የሚባሉ የፓኬጅ ፋይሎችና የእነሱ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ላይ የእያንዳንዱ ፓኬጅ ስም፣ የእትም ቁጥር፣ መጠን፣ አብረውት መኖር ያለባቸው ፓኬጆች እንዲሁም ኤስኤችኤ256 በተባለው ስሌት የወጣ የፋይሉ አሻራ ይሰፍራል። ከዝርዝሩ በላይ ሪሊዝ የሚባል አጭር ፋይል አለ። እሱ የዝርዝሮቹን አሻራ ይይዛል፤ በአከፋፋዩ፣ ለምሳሌ በደቢያን፣ ዲጂታል ቁልፍም ይፈረማል። ፊርማውን የሚያጣራው ቁልፍ ደግሞ ሲስተሙ ሲጫን አብሮ ገብቷል። አፕት የተባለው ፓኬጅ ማኔጀር ሥራውን ከላይ ወደ ታች ይሠራል፦ ሪሊዙን በቁልፉ፣ ዝርዝሩን በሪሊዙ፣ ፓኬጁን በዝርዝሩ ያመሳክራል። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ከተለወጠች አሻራው ስለማይገጥም አልጭንም ይላል። ደቢያን ይህን ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ካወጣው እትም 4.0 ጀምሮ ይዞታል።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ በሉ። ማጣሪያው ፋይሉ በየት በኩል እንደመጣ አይጠይቅም። ከአንኮበር ቤተ መንግሥት ደብዳቤ ሲላክ ተቀባዩ የሚመረምረው ማኅተሙን እንጂ ደብዳቤውን ያደረሰውን መልእክተኛ እንዳልነበረ ሁሉ፣ አፕትም ፋይሉ በፋይበር ይምጣ፣ በስልክ ዳታ ይምጣ፣ በአውቶቡስ በተላከ ፍላሽ ይምጣ የሚያየው ፊርማውን ነው። ጸሐፊው የሚያወድሱት «ሴታፕ በፍላሽ» ይህ ይጎድለዋል። ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ሴታፕ ከየትኛው ኢንተርኔት ቤት፣ ከማን ላፕቶፕ፣ ስንት ፍላሽ ዞሮ እንደመጣ የሚያውቅ የለም። በዚህ ከተማ ሾርትከት ቫይረስ ያልገባበት ፍላሽ ማግኘት እንዴት እንደሚከብድ ለአንባቢ መንገር አይጠበቅብኝም። ዊንዶውስም የተፈረሙ ሴታፖች አሉት፤ ነገር ግን ክራክ የተደረገውን ለመጫን ማስጠንቀቂያውን ረግጦ ማለፍ የለመደ እጅ ፊርማ መኖሩንም አያይም።

ወደ ተግባሩ ልግባ። መስመር ለሌለው ማሽን የተሠራ አፕት-ኦፍላይን የሚባል መሣሪያ በደቢያንም በኡቡንቱም ማከማቻ ውስጥ አለ። መሐል ሜዳ ያለው የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ «የምፈልገው ይህ ነው» ብላችሁ ታዝዙታላችሁ፤ የሚወርደውን የሚዘረዝር ትንሽ ፋይል ይሰጣችኋል። ፋይሏን በፍላሽ ይዞ ደብረ ብርሃን የሚወርድ ሰው መቼም አይጠፋም። እዚህ መስመር ያለው ማሽን ላይ ያው መሣሪያ የተዘረዘረውን አውርዶ በአንድ ዚፕ ያስረዋል፤ የሚያወርደው ማሽን ዊንዶውስ ቢሆንም ይሠራል። ዚፑ ሲመለስ መሣሪያው አሻራውን አጣርቶ ለአፕት ያስረክባል። ከዚያ መጫኑ እንደማንኛውም ጊዜ ነው። ዓመቱን ሙሉ መስመር ለማያይ ቦታ ደግሞ ደቢያን ማከማቻውን በዲቪዲ ምስል (ዲስክ ላይ በሚጻፍ ሙሉ ቅጂ) ያወጣል፤ «አፕት-ሲዲሮም አድ» ሲባል ዲስኩ እንደ ማከማቻ ይመዘገባል። አንዱ ቦታ ላይ ሙሉ ማከማቻውን ወይም የተወሰነ ክፍሉን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ማዞርም ይቻላል፤ ሪሊዙ ከነፊርማው አብሮ ስለሚገለበጥ ማጣሪያው አይቋረጥም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ከጸሐፊው ይልቅ ለራሳችን ባለሙያዎች የሚሆን ነው። ዴብ ፋይሉን ብቻ ነጥሎ ቀድቶ «አፕት ኢንስቶል» ማለት ይቻላል፤ ብዙዎቻችንም እናደርገዋለን። ነገር ግን ፋይሉ ለብቻው ሲመጣ የሚመሳከርበት ዝርዝር ስለሌለ አፕት ፊርማ አያጣራም። ዴብ ሲጫን ደግሞ በውስጡ ያለው የትእዛዝ ጽሑፍ በሩት ሥልጣን ይሠራል፤ ማለትም የፈለገውን ማድረግ ይችላል። ስለዚህ ፍላሹ ላይ ዝርዝሩም ሪሊዙም ይኑር፤ አለበለዚያ ያው ሴታፕ በፍላሽ ሆነ።

ሌላም አለ፤ ይህኛው የእኛው የአገራችን ነው። አፕት ሪሊዙ ላይ ያለውን ቀን ከማሽኑ ሰዓት ጋር ያስተያያል። አሮጌ ኮምፒውተር የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲሞት ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አፕትም ሪሊዙ ገና ጊዜው አልደረሰም ብሎ ይከለክላል። ባትሪው ደህና ሆኖ ደግሞ ቀኑን በእኛ ዘመን አቆጣጠር የሚሞላ ሰው ያጋጥማል፤ ማሽኑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይቀመጣል፣ አፕት ብቻ ሳይሆን ብሮውዘሩም ድረ ገጽ አልከፍትም ይላል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ 3፡00 ብሎ የሞላማ ስድስት ሰዓት ብቻ ስለሚዘገይ አንዳንዴ ይሠራለታል፣ አንዳንዴ አይሠራለትም፤ ማከማቻው በእነዚያ ስድስት ሰዓታት ውስጥ ከታደሰ ነው የሚከለከለው። እንዲህ ያለውን «ሊኑክሱ ተበላሸ» ብለው የሚያመጡልኝ አሉ። ፓኬጅ ማኔጀሩን ከመርገም በፊት ሰዓቱን ማየት ነው።

አራተኛው ነጥብ፣ ሜጋ ይበላል የተባለው፣ ግማሹ ልክ ነው።

ልክ ያልሆነውን ግማሽ ላስቀድም። አፕት ተጨማሪ ፓኬጅ የሚያመጣ ከሆነ ስንት ሜጋ እንደሚያወርድ፣ ዲስክ ላይ ስንት እንደሚይዝ ጽፎ ያሳይና ፈቃድ ይጠብቃል። ካልተስማማችሁ «ኤን» ብላችሁ መተው ነው፤ አንድ ኪሎ ባይትም አልወጣም። ተጎተቱ የተባሉት ሃያ ፓኬጆች አብዛኞቹ የጋራ ላይብረሪዎች፣ ማለትም ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸው የኮድ ክፍሎች ናቸው። አንዴ ከገቡ ቀጥሎ የሚጫነው ፕሮግራም እዚያው ያገኛቸዋል፣ ዳግመኛ አይወርዱም። ዊንዶውስ ላይ ብዙው ሴታፕ የራሱን ቅጂ ይዞ ስለሚመጣ ጉተታው አይታይም እንጂ ዋጋው አልቀረም። ደግሞም ከተጎተቱት ውስጥ የግድ የማያስፈልጉ፣ «ቢኖሩ ጥሩ ነው» ተብለው የተመዘገቡ አሉ፤ ትእዛዙ ላይ «--ኖ-ኢንስቶል-ሪኮሜንድስ» ሲጨመር ይቀራሉ።

ከዚህ የበለጠው ግን ለኮምፒውተር ክፍል የሚሆነው አፕት-ካቸር-ኤንጂ ነው። አንዱን ማሽን መጋቢ አድርጎ በፖርት 3142 ያስቀምጠዋል፤ ሌሎቹ ማሽኖች በእሱ በኩል እንዲጠይቁ ይደረጋሉ። የመጀመሪያው ተማሪ ሊብሬኦፊስን (የቢሮ ሥራ ፕሮግራሙን) ሲጭን ከውጭ ይወርዳል፤ ሁለተኛውም ሠላሳኛውም ከመጋቢው ይወስዳሉ። ሠላሳ ማሽን ለማደስ የአንድ ማሽን ዳታ ይበቃል ማለት ነው። መጋቢውን ላፕቶፕ ላይ አድርጎ ደብረ ብርሃን ላይ በሌሊት ጥቅል ሞልቶ ደነባ ወይም እነዋሪ ድረስ መውሰድም ይቻላል። ጸሐፊው የማከማቻዎቹ አድራሻ በተመሰጠረው ኤችቲቲፒኤስ ሳይሆን በተራ ኤችቲቲፒ ነው ብለው በቅንፍ ያሾፉበት ነገር ይህን የሚያስችለው ነው፤ መሐል ላይ የቆመ መጋቢ ቅጂ ማስቀረት የሚችለው መስመሩ ስላልተቆለፈ ነው። የፋይሉን ጤንነት ፊርማው ይጠብቃል። መስመሩን የሚያይ ሰው ምን እንደምታወርዱ ማወቁ ግን አይቀርም፤ ይህ የሚያሳስበው ኤችቲቲፒኤስ መጠቀም ይችላል።

ልክ የሆነው ግማሽ ስናፕ በተባለው፣ ኡቡንቱ ከአፕት ጎን በሚጠቀመው ሌላ የፓኬጅ ዓይነት ላይ ነው። ኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስን በስናፕ ነው የሚያቀርበው። ስናፕ በራሱ ጊዜ በቀን አራት ጊዜ እድሳት ይፈልጋል፤ ፓኬጆቹም ከዴብ የገዘፉ ናቸው። በስልክ ሆትስፖት ለሚሠራ ሰው ይህ ጉዳት ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። «ስናፕ ሪፍሬሽ --ሆልድ» ብሎ ማገድ ይቻላል፤ ወይም ስናፕን ጨርሶ የማይጠቀመውን ሊኑክስ ሚንት ወይም ደቢያንን መምረጥ። ለአፕት የጀርባ እድሳት ደግሞ በዋይፋይ ቅንብሩ ላይ መስመሩ «ሚተርድ» (ዳታው የሚቆጠር) ተብሎ ከተመዘገበ ኡቡንቱ እድሳቱን ያቆየዋል። ይህን ለደንበኛ ሳይነግሩ ማሽን ማስረከብ የእኛ የባለሙያዎች ጥፋት ነው፤ የፓኬጅ ማኔጀር አይደለም።

ወደ አንደኛው ልመለስ። ሌላ ሰው መርጦ ያስቀመጠልንን መቀበል ነው ይላሉ። አዎ፣ ነው። ጥያቄው እነማን መረጡት፣ መንገዱስ ዝግ ነው ወይ የሚለው ነው። ደቢያንን እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ ሲጀምረው ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ እያንዳንዱ ፓኬጅ ተጠሪ ይኑረው፣ ተጠሪውም ከሌሎቹ ፓኬጆች ጋር እንዲስማማ አድርጎ ያዘጋጀው የሚል። በ2023 የወጣው ደቢያን 12 በጠቅላላው 64,419 ፓኬጆች ነበሩት፣ በ2025 የወጣው ደቢያን 13 ደግሞ 69,830። እስር ቤት ነው ከተባለ እጅግ ሰፊ እስር ቤት ነው። ጸሐፊው «ለአማርኛ ምንም የለበትም» ማለታቸው ግን ማከማቻው ውስጥ ሳያስሱ የጻፉት ይመስለኛል። አቢሲኒካ ፎንት «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» በሚል ስም አለ። በእንግሊዝኛ ቁልፍ ሰሌዳ አማርኛ መጻፊያው በአይባስ-ኤም17ኤን በኩል ይገባል። ሊብሬኦፊስን በአማርኛ የሚያሳየው ፓኬጅም ተመዝግቧል። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር ከኖረ፣ የእትም ቁጥሩ ከማይታወቅ የግዕዝ መጻፊያ ይህ አይሻልም?

መንገዱም ዝግ አይደለም። የማከማቻዎቹ አድራሻ ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ ነው ያለው፤ መጨመርም መሰረዝም የማሽኑ ባለቤት ፈንታ ነው። ጸሐፊው ራሳቸው በነጻነት ምሳሌነት ያነሡት ጉግል ክሮም ይህን ያሳያል። የክሮምን ዴብ ከድረ ገጹ አውርዳችሁ ስትጭኑ፣ ፓኬጁ የጉግልን የራሱን ማከማቻ አፕት ላይ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ክሮም የሚታደሰው በአፕት ነው። በቀጥታ አወረድኩት ያሉት ፕሮግራም እሳቸው ሳያውቁ ማከማቻ አስገብቶላቸዋል።

ስለ ማርጀቱ ብዙ አልሟገትም፤ የደቢያን ቋሚ እትም አንዴ ከወጣ በኋላ የፕሮግራሞቹን የእትም ቁጥር በአብዛኛው አይለውጥም። ቁጥሩ ቆመ ማለት ግን ጥገናው ቆመ ማለት አይደለም። የጸጥታ ቀዳዳ ሲገኝ መድፈኛው ብቻ ተወስዶ በነባሩ እትም ላይ ይሰፋል፤ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ «ዴብ12ዩ1» የሚል ቅጥያ ያያችሁት ለዚህ ነው። የቀበሌ ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው የዘንድሮው ሊብሬኦፊስ ከአምናው ምን ይጨምርለታል? አዲስ የግድ የሆነበት ባክፖርትስ የሚባለውን የደቢያን ክፍል ይክፈት፣ አለበለዚያ ፍላትሀብ ከተባለው ማከማቻ በፍላትፓክ (ስናፕን በሚመስል ሌላ የፓኬጅ ዓይነት) ያውርድ። የመጀመሪያው የፍላትፓክ ጭነት መሠረቱን ጭምር ስለሚያወርድ ብዙ መቶ ሜጋ ሊወስድ እንደሚችል አውቆ ይግባ።

ማርጀት እንዲያውም የሚያድንበት ጊዜ አለ፤ ይህ ወደ አምስተኛው ያሻግረኛል። ጸሐፊው ማከማቻ ሊሰበር ይችላል ሲሉ ምሳሌ አልሰጡም፤ እኔ ልስጣቸው፣ ያውም ለእሳቸው የሚረዳ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢ፣ በኤስኤስኤች (በርቀት ወደ ማሽን መግቢያው) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላስቀምጥ ብሎት ሲቆፍር ኤክስዜድ የተባለው የመጭመቂያ ላይብረሪ ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር አገኘ። ጂያ ታን በሚል ስም ለዓመታት እምነት ያተረፈ ሰው ነበር ያስገባው። የተበከሉት እትሞች 5.6.0 እና 5.6.1 በደቢያን የሙከራ ክፍሎችና ፌዶራ በተባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት የሙከራ እትሞች ውስጥ ገብተው ነበር። ፊርማው ትክክል ነበር፤ ምክንያቱም ተንኮሉ የመጣው ከምንጩ ነው። ስለዚህ ፊርማ ሁሉን ያድናል የሚል ካለ ተሳስቷል።

ግን ቀሪውንም እንመልከት። ደቢያን 12 በዚያ ቀን ይዞ የነበረው «ያረጀውን» 5.4.1 ነው፤ የጓሮ በሩ አልነካውም። የሙከራ ክፍል የሚጠቀሙት ደግሞ ማሽናቸው ላይ ያለውን ቁጥር በአንድ ትእዛዝ አይተው፣ በአንድ እድሳት ወደ ንጹሑ ተመለሱ። ያንኑ ላይብረሪ ከገንቢው ድረ ገጽ በቀጥታ ያወረደ ሰው ግን የተበከለውን ፋይል ነው የሚያገኘው፤ ማሽኑ ላይ መኖሩን የሚነግረው መዝገብም የለም።

«ከባለቤቱ ድረ ገጽ በቀጥታ» የሚለው ምክር ራሱ ምን ያህል ጠንካራ ነው? እ.ኤ.አ. የካቲት 20 ቀን 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ፣ የ17.3 ሲናመን እትም ማውረጃ ሊንክ የጓሮ በር ወዳለው የመጫኛ ዲስክ ምስል ተቀይሮ ነበር። በዚያ ቀን ከባለቤቱ ድረ ገጽ በቀጥታ ያወረዱት ሰዎች ተጎዱ። ቀድሞ የተጫነ ሚንት ኖሯቸው ከማከማቻው ያደሱት ምንም አልሆኑም። አፕት ራሱም ንጹሕ ታሪክ ብቻ የለውም፦ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 መሐል ላይ ያለ ሰው ሐሰተኛ ፓኬጅ እንዲያስገባ የሚያስችል ቀዳዳ ተገኝቶበት በፍጥነት ተደፍኗል። ስናፕ ሱቅ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2018 የክሪፕቶ ገንዘብ ቆፋሪ የደበቀ የጨዋታ ፓኬጅ ተገኝቷል፤ ማንም ሰው የሚሰቅልበት ሱቅና ተጠሪዎች የሚያዘጋጁት ማከማቻ አንድ እንዳልሆኑ ያሳየናል። ሁሉም ይሰበራል። የሚለየው ሲሰበር ማን ያውቃል፣ ማን ያድሳል የሚለው ነው፤ ሃርድ ዲስክ ላይ የተበተነ ሴታፕን የሚያድስ የለም።

ስድስተኛው፣ ጥቁሩ መስኮት። ሊኑክስ ሚንት ላይ ሶፍትዌር ማኔጀር አለ፣ ኡቡንቱ ላይ አፕ ሴንተር አለ፤ ሲናፕቲክም በመዳፊት ይሠራል። ስልኩ ላይ ከፕሌይስቶር የሚጭን መምህር አይከብደውም። ባለሙያው ግን ትእዛዙን ይወቅ፤ በስልክ «ይህን ጻፊ እህቴ» ብሎ ለማስረዳት ከስክሪን ሥዕል ይቀላል።

አሁን ምክሮቹ።

የመጀመሪያው፣ አፕት «መቆለፊያውን ማግኘት አልቻልኩም» ሲል የመቆለፊያ ፋይሉን አጥፉት የሚል ነው። እባካችሁ አታጥፉ። መቆለፊያው የሚኖረው ሌላ ሂደት፣ አብዛኛውን ጊዜ የጀርባ እድሳቱ፣ እየጫነ ስለሆነ ነው። ፋይሉን አጥፍታችሁ ሁለተኛ ጭነት ስትጀምሩ ሁለት ሂደቶች አንዱን የፓኬጅ መዝገብ ባንድ ጊዜ ይጽፋሉ፤ መዝገቡ ከተበላሸ ማሽኑ ምን እንዳለው አያውቅም። ሻይ ጠጡና ተመለሱ። ስልክ ላይ ያለውን ሆትስፖት አጥፍታችሁ እድሳቱ መሐል ላይ የቆመ ከሆነም መስመሩን መልሱለትና ይጨርስ።

ሁለተኛው፣ ከማንኛውም ድረ ገጽ የተገኘን የመጫኛ ጽሑፍ በከርል (በማውረጃ ትእዛዝ) አውርዶ በቀጥታ በሩት ሥልጣን ለሚፈጽመው ለሱዶ ባሽ ማቀበል ነው። ሳታነቡት፣ ሳይፈረም፣ በሩት ሥልጣን። ደግሞም መስመር መሐል ላይ ሲቋረጥ፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ይቋረጣል፣ ጽሑፉ በግማሹ ሊፈጸም ይችላል። ያ ፕሮግራም የግድ ካስፈለገ ጽሑፉን ፋይል ላይ አውርዱ፣ ክፈቱ፣ አንብቡ፤ ከዚያ ወስኑ። አብዛኛው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲነበብ የሚያደርገው ማከማቻና ቁልፍ መጨመር ሆኖ ይገኛል፤ እሱን በእጅ ማድረግ ይቻላል።

ሦስተኛው፣ ፒፒኤዎችን፣ ማለትም ግለሰቦች ወይም ቡድኖች ለኡቡንቱ የሚከፍቷቸውን የግል ማከማቻዎች፣ እንደ ቅመም መደራረብ። እያንዳንዱ ፒፒኤ የማሽናችሁን ሩት የሰጣችሁት ሰው ነው። ብዙዎቹ በአንድ ሰው የተያዙ ናቸው፤ ሰውየው ሲሰለች ማከማቻው ይሞታል፣ የእትም ማሻሻያ ስታደርጉም እርስ በርስ የተጣሉ ላይብረሪዎች ይገጥሟችኋል። ከሁለት በላይ ፒፒኤ ያየሁበት ማሽን ላይ ከደንበኛው ጋር ስለ ዋጋ ከመነጋገሬ በፊት «አፕት ፖሊሲ» ብዬ ዝርዝሩን አሳየዋለሁ፤ አንዳንዱ ማን እንዳስገባበት እንኳ አያስታውስም።

አራተኛው «ሱዶ ፒፕ ኢንስቶል» ነው፤ ከሁሉም የከፋው። ፒፕ ፓይተን ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይብረሪዎችን የሚጭን መሣሪያ ነው፤ ሲስተሙ ራሱም ፓይተን ይጠቀማል። ፒፕ በሩት ሲገባ አፕት የሚያስተዳድራቸውን የፓይተን ላይብረሪዎች በሌላ እትም ሊተካቸው ይችላል፤ የፓኬጅ መዝገቡ ግን አላየውም። ደቢያን 12 ለዚህ ነው ፒፕን «ይህ ፓይተን የሌላ አስተዳዳሪ ነው» እያለ የሚያስቆመው። ጸሐፊው ግን ክልከላውን የሚሰብረውን አማራጭ ጨምሩበት ብለዋል፤ የአማራጩ ስም ራሱ «ሲስተም ፓኬጆችን ስበር» የሚል ሆኖ ሳለ። ለተማሪ ፕሮጀክት «ፓይተን3 -ኤም ቬንቭ» ብሎ የተለየ ክፍል መክፈት ነው፤ የተበላሸ እንደሆነ ክፍሉን ብቻ አጥፍቶ እንደገና መጀመር ይቻላል።

ምክሮቹን ቀድመው የተከተሉ ካሉ፣ መቆለፊያውን ያጠፉት መጀመሪያ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» ይበሉ፤ ብዙውን ጊዜ ይቃናል። በፒፕ የተነካ ፓይተን ያላቸው «ዲፒኬጂ --ቬሪፋይ» ብለው የትኞቹ ፋይሎች ከመዝገቡ እንደተለዩ ይመልከቱ፣ ከዚያ እነዚያን ፓኬጆች በ«አፕት ኢንስቶል --ሪኢንስቶል» ይመልሱ፤ ፒፕ ዩኤስአር ሎካል በተባለው ፎልደር ሥር የተከለውን ግን ራሱ ፒፕ ነው የሚነቅለው። ከማንኛቸውም በፊት ሰነዶቻችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ።